ሰባቱ መሠረታዊ መጠኖች፦ የተፈጥሮ ወይስ የጉባኤ?

ሰባት ናቸው። ርዝመት፣ መጠነ ቁስ፣ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ ከረንት፣ የሙቀት መጠን፣ የንጥረ ነገር መጠን፣ የብርሃን ድምቀት። አዘዞም ይማር ማራኪ፣ ጎንደር ላይ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ይህን ዝርዝር አንድ ሰሞን ሸምድዶታል። ፈተና ላይ አይቀርም። «ከሚከተሉት ውስጥ መሠረታዊ ያልሆነው መጠን የቱ ነው?» ተብሎ ይመጣል። መልሱ ወይ ፍጥነት ነው ወይ ጉልበት። ማርኩ ይያዛል፤ ነገሩም እዚያው ይረሳል።

የማይጠየቀው ለምን ሰባት እንደሆኑ ነው። ለምን አምስት አልሆኑም? ደፈር ያለ ተማሪ «ቲቸር፣ ኢነርጂ ለምን ቀረ?» ቢል «ከሌሎቹ ስለሚገኝ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ከመጠነ ቁስ፣ ከርዝመትና ከጊዜ ይገኛል። ግን ኢነርጂን መነሻ አድርገን ብንጀምር ኖሮ መጠነ ቁስ ራሱ «ከሌሎቹ የሚገኝ» ይሆን ነበር። ሒሳቡ በሁለቱም በኩል እኩል ይሄዳል። ስለዚህ ያ መልስ ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስረዳውም።

እኔ የምለው ይህን ነው። ሰባቱ ተፈጥሮ የቆመችባቸው ምሰሶዎች አይደሉም። ሰዎች ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ለመለካት የሚያመቻቸውን የመረጡበት ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝሩን አያሳንሰውም። ንግዱም፣ ሕክምናውም፣ ግንባታውም የሚሠራው በእሱ ነው። ተፈጥሮን ራሷን ስንጠይቃት ግን የምትሰጠን ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ ምንም መለኪያ የማይከተላቸው ባዶ ቁጥሮች።

ወቅቱም ለዚህ ወሬ ይመቻል። በ2019 ኪሎግራም፣ አምፔር፣ ኬልቪንና ሞል (የመጠነ ቁስ፣ የከረንት፣ የሙቀትና የንጥረ ነገር መጠን መለኪያዎች) አዲስ ትርጉም ተሰጣቸው። አሁን ተረኛዋ ሰከንድ ናት። በ2022 የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የልኬት ጉባኤ ሰከንድን ለመቀየር የሚያስችለው ሥራ እንዲፋጠን ወስኗል፤ ለውሳኔው የታሰበው ጊዜ 2030 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስድስት የነበሩ ጊዜ

ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ በ1832 ሦስት ይበቃል ብሎ ነበር። ርዝመት፣ መጠነ ቁስና ጊዜ። የመሬትን መግነጢሳዊነት ሳይቀር በሚሊሜትር፣ በሚሊግራምና በሰከንድ ለክቶ አሳየ። በ1901 ጣሊያናዊው ጆቫኒ ጆርጂ «ኤሌክትሪክ የራሱ አራተኛ መለኪያ ይኑረው» አለ። ብዙ ቆይቶም ተሰማ። ዛሬ የምንጠቀምበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ1960 ስሙን ሲያገኝ መሠረታዊ የተባሉት ስድስት ነበሩ። ሞል የተጨመረው በ1971 ነው።

እንግዲህ እዚህ ከተማ በ1954 በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1960ዎቹ የተማረ ሰው «ስድስት» ብሎ ቢመልስ ሙሉ ማርክ ይገባው ነበር። የልጅ ልጁ ዛሬ «ስድስት» ብትል ትወድቃለች። በመካከሉ ተፈጥሮ አልተለወጠችም። ኬሚስቶች ፈለጉ፣ ጉባኤው ተቀበለ፣ በቃ።

ሞል ደግሞ ምንድን ነው? ቆጠራ ነው። አንድ ሞል ማለት 602,214,076,000,000,000,000,000 ፍሬ ማለት ነው፤ አቶምም ይሁን ሞለኪውል። ከደርዘን የሚለየው በትልቅነቱ ብቻ ነው። ደርዘንን መሠረታዊ የፊዚክስ መጠን ያለ ሰው የለም።

የብርሃን ድምቀት መለኪያው ካንዴላ ከሞል ይብሳል። የብርሃን ድምቀት የሚለካው የሰው ዓይን በሚያየው ልክ ነው። ትርጉሙ ላይ ያለው በሰከንድ 540 ትሪሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ አረንጓዴ ብርሃን የተመረጠው ዓይናችን በእሱ ዙሪያ ላለ ብርሃን እጅግ ንቁ ስለሆነ ነው። ዝርዝሩን ድመቶች ቢያወጡት ኖሮ ሌላ ካንዴላ ይኖረን ነበር። ለአምፖል ፋብሪካ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዩኒቨርስ ግን የሰው ዓይን ጉዳዩ አይደለም።

የሙቀት መጠን ትንሽ ያከራክራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ንፍሮ የሚዘገየው ለዚህ ነው። 100 ዲግሪ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ነው፤ የእኛ አይደለም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች የሚፈላን ውሃ ትተው ውሃ በአንድ ጊዜ በረዶም፣ ፈሳሽም፣ እንፋሎትም ሆኖ የሚገኝበትን ነጥብ ያዙ። በ2019 እሱንም ተዉት። አሁን ኬልቪን የተተረጎመው በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ነው። የዚህ ቁጥር ሥራ ዲግሪን ወደ ኢነርጂ መለወጥ ብቻ ነው። ሙቅ ማለት ቅንጣቶቹ በአማካይ ብዙ ኢነርጂ ይዘው የሚንቀጠቀጡበት ማለት ነው። ሙቀትን በቀጥታ በኢነርጂ መለኪያው በጁል ብንለካው ኖሮ ኬልቪን ባልተወለደ። «የዛሬው ሙቀት ስንት ጁል ነው?» መባባል ግን ማንንም አይመችም፤ ዲግሪ የቆየውም ስለሚያመች ነው።

አምፔር ላይ ታሪክ ራሱ ተገልብጧል። ተፈጥሮ ውስጥ ያለው ቻርጅ ነው። ከረንት ደግሞ ቻርጅ ሲጓዝ ነው። መሠረታዊ የተባለው ግን ጉዞው ነው፤ ተጓዡ አይደለም። ምክንያቱ የላቦራቶሪ ምክንያት ነው። ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ከረንት ለቆ፣ የሚሳሳቡበትን ጉልበት መለካት ይቀል ነበር። በ2019 ይህም ተስተካከለ፤ አምፔር አሁን የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ ላይ ቆሟል። ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ግን አሁንም ከረንት ነው። ልማድ ጉልበተኛ ነው።

ከአንድ ኩንታል ውስጥ ኪሎው ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። መጠነ ቁስ።

ክብደት መሠረታዊ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። መጽሐፉ የስበት ፍጥንጥነት 9.8 ነው ቢልም ጎንደር ላይ 9.78 ገደማ ነው። ከፍታውም፣ ለምድር ወገብ መቅረባችንም ይቀንሰዋል። ዋልታ ላይ 9.83 ይደርሳል። ዋልታ ላይ ልኩ የተስተካከለ የሽቦ ሚዛን ቅዳሜ ገበያ ብታመጣና አንድ ኩንታል ጤፍ ብትሰቅልበት ግማሽ ኪሎ ያህል አጉድሎ ያሳይሃል። ነጋዴው አላታለለህም። ጤፉም አልጎደለም። የተለወጠው መሬት የምትስብበት ጉልበት ነው።

እሺ፣ ክብደት ይቅር፤ መጠነ ቁስ ግን የትም ያው ነው እንላለን። ምንድን ነው ታዲያ? የጤፉ መጠነ ቁስ በሙሉ ማለት ይቻላል ፕሮቶንና ኒውትሮን ውስጥ ነው። እነሱ ደግሞ ኳርክ ከሚባሉ ከእነሱ ካነሱ ቅንጣቶች ተሠርተዋል። የኳርኮቹን የራሳቸውን መጠነ ቁስ ብትደምረው ከፕሮቶኑ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ከኩንታሉ አንድ ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በ2012 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ውስጥ ተገኘ ተብሎ ዓለም የጨፈረለት የሂግስ ቅንጣት የሚያስረዳው ይህቺን አንድ ኪሎ ነው። ቀሪው 99 ኪሎ የኢነርጂ ነው፤ የኳርኮቹ እንቅስቃሴና አንቆ የያዛቸው መስክ ኢነርጂ። አንስታይን በ1905 መጠነ ቁስና ኢነርጂ አንድ ናቸው ያለው ለቦምብ ብቻ አልነበረም። ገበያ ተሸክመነው የምንመጣው እህል ራሱ የታሰረ ኢነርጂ ነው።

ለእኔ ከዚህ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር በፊዚክስ ውስጥ ጥቂት ነው። በዝርዝሩ ሁለተኛ ሆኖ የተቀመጠው መጠን፣ ሲጨመቅ፣ ዝርዝሩ ላይ ያልገባው ኢነርጂ ሆኖ ተገኘ።

ኪሎግራም ላይ የደረሰውም ጣጣ የሚገርም ነው። ከ1889 ጀምሮ ኪሎ ማለት ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ውስጥ የተቆለፈ አንድ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ብረት ነበር። ካዝናውን ለመክፈት ሦስት የተለያዩ ቁልፎች ያስፈልጉ ነበር። የብረቱ ቅጂዎች ለየአገሩ ተልከዋል። አልፎ አልፎ ተሰብስበው ሲመዘኑ እርስ በርስ አልገጥም አሉ። በመቶ ዓመት ውስጥ ልዩነቱ 50 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ያህል ደረሰ። ይህ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት እንኳ በብዙ ያንሳል። ግን ችግሩ ትንሽነቱ አይደለም። ዋናው ብረት በትርጉሙ ኪሎ ስለሆነ ቢቀልም ቢከብድም ኪሎ ነው። እሱ ቢቀል የዓለም ዕቃ ሁሉ ከበደ ማለት ነበር። አንድ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መኖር ይህን ያመጣል።

መፍትሔው የመጣው ከእንግሊዛዊው ብራያን ኪብል ሐሳብ ነው። በ1975 ያቀደው ሚዛን ክብደትን ከኤሌክትሪክ ጉልበት ጋር ያመዛዝናል። በዚያ መንገድ ኪሎን የኳንተም ፊዚክስ መሠረት ከሆነው ከፕላንክ ቋሚ ቁጥር ጋር ማሰር ተቻለ። ኅዳር 16 ቀን 2018 ቬርሳይ ላይ ተመረጠ፤ ግንቦት 20 ቀን 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ሴቭር ያለው ብረት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅርስ ሆኗል።

ርቀትን በሰዓት መለካት

ደባርቅ ምን ያህል ይርቃል ብትለኝ ኪሎሜትር አልነግርህም። «ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው» እልሃለሁ። ባሕር ዳርን «ሦስት ሰዓት» እላለሁ። ገበሬው ደግሞ የመሬቱን ስፋት በጥማድ ይነግርሃል፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው። ስፋት በቀን ተለካ። ይህ ያልሠለጠነ ልኬት የሚመስለው ካለ ይቆይ። ዘመናዊው ፊዚክስ ያደረገው ያንኑ ነው።

ከ1983 ጀምሮ ሜትር ማለት ብርሃን በሰከንድ 299,792,458ኛ ክፍል ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ነው። ርዝመት የራሱ መለኪያ የለውም ማለት ነው። ጊዜ ይለካል፣ በብርሃን ፍጥነት ይባዛል፣ ርቀት ይወጣል። የጥማድ ችግሩ በሬውም አፈሩም የተለያየ መሆኑ ነው፤ ጭቃ ላይ ያለ በሬ እንደ ቦዳ ላይ በሬ አይሄድም። ብርሃን ግን ባዶ ቦታ ላይ ለሁሉም እኩል ይሄዳል፤ የሚሮጥ ሰው ለካው፣ የቆመ ሰው ለካው። አንስታይን ይህን ከነገረን ወዲህ ቦታና ጊዜ አንድ ጨርቅ ናቸው። የብርሃን ፍጥነትም የጨርቁን አንዱን ክር በሌላው የምንመነዝርበት ምጣኔ ነው።

አሁን ያለውን ሥርዓት ገልብጠህ ብታየው አንድ የሚያስቅ ነገር ታገኛለህ። ሜትር በሰከንድ ላይ ቆሟል። ኪሎግራም በሰከንድና በሜትር ላይ። አምፔር በሰከንድ ላይ። ኬልቪንና ካንዴላም ሰከንድ ከሌለች የሉም። ብቻዋን የቆመችው ሞል ናት፤ እሷም ቁጥር ስለሆነች ነው። ሰባት ናቸው እያልን የምንሸመድዳቸው በተግባር አንድ ሰከንድና ጥቂት የተወሰኑ ቁጥሮች ናቸው።

ሰከንድስ? የሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ጊዜ እስኪርገበገብ ያለው ጊዜ ናት። ከ1967 ጀምሮ ይህ ነው ትርጉሟ። ከዚያ በፊት ለጥቂት ጊዜ የዓመት ቁራጭ፣ ከዚያም ቀድሞ የቀን ቁራጭ ነበረች። የቀን አቆራረጥ ደግሞ እንደየአገሩ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፤ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፤ ካልዒትን በ60 ሣልሲት። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው፤ አንድ ካልዒት 24 ሰከንድ። ፈረንጁ በ24 ከፍሎ ሲጀምር የእኛ ሊቃውንት በ60 ጀመሩ። ሁለቱም አያሳፍሩም። ሲዚየም አቶም ግን 24ንም 60ንም አያውቅም።

ጉባኤው ሊወስነው የማይችለው

በ1899 ማክስ ፕላንክ የሰው እጅ የሌለበት መለኪያ ፈለገ። ሦስት ነገሮችን ወሰደ፤ የብርሃን ፍጥነትን፣ የስበትን ቋሚ ቁጥርና ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቋሚ ቁጥር። ከእነሱ ርዝመት፣ ጊዜና መጠነ ቁስ አወጣ። የፕላንክ ርዝመት ከፕሮቶን በመቶ ቢሊዮን ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ ማንም ሊያየው አይችልም። የፕላንክ መጠነ ቁስ ግን 22 ማይክሮግራም ገደማ ነው። የጤፍ ፍሬ አንድ አሥረኛ አካባቢ! ጥሩ ሚዛን ይመዝነዋል። የስበትን ቋሚ ቁጥር ግን ካቨንዲሽ በ1798 ከሠራው ሙከራ ወዲህ ይህን ሁሉ ዘመን ለክተነው እንኳ እርግጠኛ የምንሆንባቸው አሃዞች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ጉባኤው ኪሎን በስበት ላይ ማቆም አልቻለም። ውብ ሐሳብ ነበር፣ ለገበያ ግን አልሆነም።

እስከ አሁን ሦስት ቋሚ ቁጥሮች ቀሩን። መሠረታዊ የሚባሉት እነሱ ናቸው? በ1992 ክረምት ሰርን ካፍቴሪያ በረንዳ ላይ ሦስት የፊዚክስ ሊቃውንት በዚህ ተከራከሩ። ሌቭ ኦኩን ሦስት ናቸው አለ። ጋብሪኤሌ ቬኔዚያኖ ሁለት ይበቃሉ አለ። ማይክል ደፍ አንድም የለም አለ። ክርክሩን በ2001 ጽፈው አወጡት፤ አልተስማሙም።

እኔ ከደፍ ጋር ነኝ። ምክንያቱም 2019 ራሱ መሰከረለት። ጉባኤው የብርሃን ፍጥነትን ቀድሞ በ1983 «ይህ ነው» ብሎ ዘግቶት ነበር። በ2019 የፕላንክን ቁጥር ዘጋው። የኤሌክትሮንን ቻርጅ ዘጋው። ከእንግዲህ ማንም እነዚህን አይለካቸውም፤ በድምፅ ተወስነዋል። እጅ አውጥተህ የምትወስነው ነገር የተፈጥሮ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ የምንዛሪ ተመን ነው።

አንድ ነገር ግን መዝጋት አልቻሉም። የኤሌክትሮንን ቻርጅ አንሥተህ በራሱ ብታባዛው፣ በብርሃን ፍጥነትና በፕላንክ ቁጥር ብታካፍለው፣ የባዶ ቦታን የኤሌክትሪክ ባሕርይም ሒሳቡ ውስጥ ብታስገባ፣ ሜትሩም ኪሎውም ሰከንዱም ተጣጥፎ ይጠፋል። የሚቀረው ባዶ ቁጥር ነው፤ 1/137.036 ገደማ። አርኖልድ ዞመርፌልድ በ1916 ያስተዋወቀው፣ አልፋ የሚባለው ቁጥር ይህ ነው። የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ብርታት ይናገራል። አቶም ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ኬሚስትሪው እንዴት እንደሚሆን በእሱ ይወሰናል። በክንድና በስንዝር ለካህ፣ በሜትር ለካህ፣ ያው 137 ነው። ሌላ ፕላኔት ላይ ያለ ፍጡርም ካለ ያው 137 ያገኛል።

ጉባኤው ሦስቱን ቁጥሮች ሲዘጋ ምን ሆነ መሰለህ? የባዶ ቦታ መግነጢሳዊ ቋሚ የሚባለው፣ እስከዚያ ድረስ በትርጉም የተወሰነ የነበረው ቁጥር፣ ተለቆ የሚለካ ሆነ። አልፋ በአንድ በኩል ስትታሰር በሌላ በኩል ወጣች። ለምን 137 እንደሆነች ደግሞ እስከ ዛሬ ያስረዳ የለም። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሰላስላት ኖሮ በ1958 ዙሪክ ውስጥ በሞተበት ሆስፒታል የተኛበት ክፍል ቁጥር 137 ነበር። አጋጣሚ ነው። ግን የፊዚክስ ሰዎች ሲያወሩት አይሰለቻቸውም።

አልፋ ብቻዋን አይደለችም። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ይከብዳል፤ ያም ባዶ ቁጥር ነው። የቅንጣቶች ፊዚክስ ከኒውትሪኖዎቹ ጋር 26 ያህል እንዲህ ያሉ፣ ለክተን እንጂ አስልተን ያላገኘናቸው ቁጥሮች አሉት። መሠረታዊ ዝርዝር የሚባል ካለ ለእኔ ያ ነው። ተማሪ ይሸምድደው አልልም፤ መኖሩን ይወቅ።

ኢነርጂ ለምን ቀረ?

ያ ተማሪ ግን አሁንም መልስ ይጠብቃል። ኢነርጂ የት ገባ?

የሚለካበትን ሳይሆን የማይጠፋውን የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው። መንገዱን የጠረገችው ኤሚ ኖተር ናት። ይህቺ ጀርመናዊት የሒሳብ ሊቅ በ1915 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለዓመታት ያለ ደመወዝ አስተምራለች። ሴት ስለሆነች ኮርሷ የሚለጠፈው በሒሳብ ሊቁ በዳቪድ ሂልበርት ስም ነበር። በ1918 ያሳተመችው ሐሳብ ይህን ይላል፦ ሕግ የማይለወጥበት ነገር ሁሉ የማይጠፋ መጠን አለው። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ድንጋይ የሚወድቅበት ሕግ ዛሬ ከሚወድቅበት ጋር አንድ ከሆነ፣ ኢነርጂ አይጠፋም። አዘዞና ፒያሳ ሕጉ አንድ ከሆነ፣ ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) አይጠፋም። ፊትህን ወደ ሰሜን ብታዞር ወደ ምሥራቅ ሕጉ ካልተለወጠ፣ የሽክርክሪት ሞመንተም አይጠፋም።

እዚህ ላይ ኢነርጂ ከሰባቱም በላይ ይቀመጣል። ከዝርዝሩ የቀረውም ስለሚያንስ አይደለም፤ ለሜትርና ለሰዓት እንደሚሠራው ብረትና አቶም ያለ ምቹ መለኪያ ስላልተገኘለት ነው። ሆኖም ኢነርጂም ዘውዱን ደፍቶ አይቀመጥም። ዩኒቨርስ እየተለጠጠ ነው። ከዩኒቨርስ ጅማሬ አካባቢ የቀረው የጥንቱ ብርሃን ሲነሣ 3000 ኬልቪን ገደማ ነበር፤ ዛሬ 2.7 ኬልቪን ነው። በመንገድ ላይ ያጣው ኢነርጂ የት ሄደ ብትል «የትም አልሄደም፣ በዚህ ስፋት ላይ የኢነርጂ ሒሳብ አይዘጋም» ነው መልሱ። የኖተር ሕግ ራሱ ይህን ይፈቅዳል። ሁኔታው በጊዜ ከተለወጠ ኢነርጂም ዋስትና የለውም።

የጎንደር ሰከንድ

ወደ ተረኛዋ ሰከንድ እንመለስ። ሲዚየም በሰከንድ ዘጠኝ ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ስትሮንሺየም የተባለው አቶም በሚታይ ብርሃን 429 ትሪሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። መቁጠሪያው ሲደቅ ስህተቱም ይደቃል። ዛሬ ያሉት ምርጥ የብርሃን ሰዓቶች ዩኒቨርስ እስከኖረበት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ቢሠሩ አንዲት ሰከንድ እንኳ አይስቱም።

ይህን ያህል ሲጠሩ ግን ጣጣ ይመጣል። አንስታይን እንዳለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። ጎንደር ላይ ያለ ሰዓት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በቀን 20 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ይቀድማል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ጎንደር ካለው በቀን ሌላ 20 ናኖሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ለቀጠሮ ምንም አይደለም። ለአዲሶቹ ሰዓቶች ግን ሰዓቱን በአንድ ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ ይታወቃቸዋል። እንዲያ ከሆነ «አንድ ሰከንድ» ሲባል የየት ቦታ ሰከንድ ነው? ዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ሁሉንም ወደ ባሕር ጠለል መልሶ ያሰላል። ከአሁን ወዲያ ያ ስሌት የምድርን ስበት በሴንቲሜትር ማወቅ ይጠይቃል። የጊዜ ልኬትና የከፍታ ልኬት አንድ ሥራ ሊሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ባዶ ቁጥሮቹ እንደገና ይመጣሉ። የሁለት የተለያዩ አቶሞች ሰዓት ጎን ለጎን ብታስቀምጥና የአንዱን ርግብግብታ ለሌላው ብታካፍል ሰከንዱ ተጣጥፎ ይጠፋል፤ ባዶ ቁጥር ይቀራል። ያ ቁጥር ከዓመት ዓመት ቢንፏቀቅ አልፋ እየተለወጠች ነው ማለት ነው። በ2008 አሜሪካ ውስጥ የአሉሚኒየምና የሜርኩሪ ሰዓቶች እንዲህ ተነጻጽረው ምንም ለውጥ አልታየም። በሌላ በኩል ጋቦን ውስጥ ኦክሎ የሚባል ቦታ በ1972 አንድ ጉድ ተገኝቶ ነበር፤ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዩራኒየም ራሱን በራሱ ያነደደበት የተፈጥሮ ሪአክተር። ከቀረው አመድ ሲሰላ አልፋ በዚያ ሁሉ ዘመን ከአሥር ሚሊዮን አንድ ክፍል እንኳ እንዳልተለወጠች ታየ። ይህን የመሰለ ምስክር አፍሪካ መሬት ውስጥ ተቀብሮ መቆየቱ በየመማሪያ መጽሐፉ አለመነገሩ ይገርመኛል።

ለ2030 ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ አንድ አቶም መርጦ ሲዚየምን መተካት ነው። ሁለተኛው የብዙ አቶሞችን ርግብግብታ እንደየጥራታቸው ድርሻ ሰጥቶ በአማካይ መያዝ ነው። ለሁለተኛው የሚከራከሩት ቴክኖሎጂው ገና እየተሻሻለ ስለሆነ አንዱን መርጦ መታሰር አይበጅም ይላሉ። ለመጀመሪያው የሚከራከሩት ደግሞ ትርጉም ቀላልና ሁሉም የሚረዳው መሆን አለበት ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የአማካይ ሰከንድን ማስረዳት መከራ ነው። ሰዓቶቹን የሚሠሩት ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው ገና አልተስማሙም። የትኛው አቶም ይሁን የሚለው ላይም ስትሮንሺየም፣ ይተርቢየምና ሌሎችም እየተፎካከሩ ነው።